ሲስተሙ አልቀበልም ካለ ማንን እንጠይቅ?

አክስቴ ባለፈው ወር ከመሐል ሜዳ መጥተው ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ጉዳያቸው አንድ ወረቀት ነበር። የሟች ባላቸውን ጡረታ ለመቀበል የሚጠየቅ ማረጋገጫ ነው። ገና 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣን። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ የድሮውን መታወቂያ በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ይዘዋል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ተራ ደረሰን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ስማቸውን አስገባች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ደግማ አስገባች። አሁንም ቀይ። ከዚያ ቀና ብላ፣ ሲስተሙ አልቀበልም አለ አለችን።

የአክስቴ ስም የሚጀምረው በፀሐዩ ፀ ነው። አሮጌው መታወቂያ ላይ እንዲያ ተጽፏል። በኋላ የወጣው ወረቀት ላይ ግን መዝጋቢው በጸሎቱ ጸ ጽፎታል። ለእኛ አንድ ስም ነው። ስንጠራውም አንድ ነው። ማሽኑ ግን ሁለት ሰው አድርጎ ያያቸዋል።

ልጅቱን አልወቅሳትም። ፊቷ ላይ ሐዘን ነበር። አስተካክይልን ስላት፣ እኛ አንነካውም፣ የሠራው ድርጅት ነው የሚያስተካክለው አለችኝ። ድርጅቱ ማን ነው? አታውቅም። አለቃዋ ጋ ገባሁ። እሱም አያውቅም። ስልክ የለም፣ አድራሻ የለም። ሦስት ቀን ተመላለስን። በሦስተኛው ቀን አክስቴ በሩ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ልጄ፣ እኔ እኮ አለሁ፣ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ያን ማታ የሰሜን ሸዋ ልጆች በምንወያይበት መድረክ ላይ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራሁም፣ አሁንም አልጠራም። የጠየቅሁት ይህን ነው። መንግሥት ከቴክኖሎጂ ኩባንያ ጋር ውል ሲፈርም፣ ውሉ ውስጥ ያለነው እኛ ነን። ስማችን፣ አሻራችን፣ ጡረታችን። ታዲያ ውሉን ማየት የለብንም? ማሽኑ ሲሳሳትስ ተጠያቂው ማን ነው? የኔ አቋም፣ ውሉ ለሕዝብ ካልታየ ስህተቱ ሁሌም የድሀ ዕዳ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው።

በአራት ቀን ውስጥ 19 መልስ መጣ። አንዳንዱ አስተማረኝ፣ አንዳንዱ አበሳጨኝ። ዘግይተው ለመጡ እንዲመች በቁጥራቸው እየጠራሁ ልንገራችሁ። ከአገራችን አዋጆች በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥር 1 ከደብረ ሲና የጻፉ አባት ናቸው። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። የልጃቸው ስም አንዱ ሰነድ ላይ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው ላይ በሀሌታው ሀ ተጽፎ ብዙ እንደተንከራተቱ ነገሩን። መፍትሔም ጠቆሙኝ። ቀበሌ ሄደን፣ ምስክር ይዘን፣ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድናወጣ መከሩ። አክስቴንም መርቀዋቸዋል። ምርቃታቸውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ አሜን አሉ።

ቁጥር 2 ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። በአክብሮት አረመኝ። ጸ እና ፀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ሀ ሐ ኀን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ ፊደል እንዲያይ ማድረግ ከባድ ሥራ እንዳልሆነ አስረዳ። ታዲያ ለምን አልተሠራም? እሱ እንደሚለው ሠሪው የሚሠራው የታዘዘውን ነው። የጨረታ ሰነዱን የጻፈው መሥሪያ ቤት የፊደሉን ነገር ካላነሳ፣ ኩባንያው ከኪሱ አይጨምርም። በኋላ ይስተካከል ሲባል ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ኩባንያውን ብቻ መውቀስ ልክ እንዳልሆነ ነገረኝ። ግማሹን ተቀበልኩ። ግማሹን ያልተቀበልኩት፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ሲስተም የሚሸጥ ድርጅት ፊደሉን ሳያውቅ ለምን ይሸጣል ብዬ ነው።

ቁጥር 3 ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ ወደ ሌላ ደረጃ ወሰደው። የመንዝ ልጅ ነው፣ አሁን ለንደን ይኖራል። የእንግሊዝን ፖስታ ቤት ታሪክ ጻፈልን። ረጅም ነው፣ ግን አንድም ቃል አይጣልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል የሒሳብ ሲስተም በየቅርንጫፉ አስገባ። የሠራው አይ ሲ ኤል የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ የጃፓኑ ፉጂትሱ ጠቅልሎት ነበር። ትንንሾቹን ቅርንጫፎች የሚያስተዳድሩት የሰፈር ባለሱቆች ናቸው። ማታ ሒሳብ ሲዘጉ ማሽኑ ጉድለት ያሳያል። ገንዘቡን ግን ማንም አልወሰደም። ውላቸው ጉድለት ሲገኝ ከኪሳቸው እንዲሞሉ ያስገድዳቸዋል። ለእርዳታ ሲደውሉ ብዙዎቹ የተነገራቸው፣ ይህ ችግር የገጠማቸው እነሱ ብቻ እንደሆኑ ነበር። ለንደን ያለው ወንድማችን እዚህ ላይ ቆም ብሎ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው መዋሸቱ ከሁሉ እንደሚያመው ጻፈ። እኔንም ያመመኝ እሱ ነው። አክስቴም እኮ ድንጋዩ ላይ ብቻቸውን ነበሩ።

ከ1999 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 በላይ ሰዎች በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደባቸው። አብዛኞቹን የከሰሰው ራሱ ፖስታ ቤቱ ነው። ነፍሰ ጡር ሆና የታሰረች ሴት አለች። ቤታቸውን የሸጡ፣ ትዳራቸው የፈረሰ ብዙ ናቸው። አለን ቤትስ የሚባል የቅርንጫፍ ኃላፊ 555 ሰዎችን አሰባስቦ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2019 ዳኛው ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት ወሰኑ። ስምምነቱ 57.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ አብዛኛው ግን ለጠበቃና ለክስ ወጪ አለቀ። በጥር 2024 ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ሲታይ አገሩ ተቆጣ። በግንቦት ወር ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ ሰረዘ። በሐምሌ 2025 የወጣው የአጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት በዚህ ሰበብ ቢያንስ 13 ሰዎች ራሳቸውን ሳያጠፉ እንዳልቀሩ ገለጸ።

ቁጥር 4 አንድ መስመር ብቻ ናት። ከኩባንያው የታሰረ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

ቁጥር 5 የለንደኑ ልጅ መልስ ነው። ፖሊስ ምርመራ መክፈቱን፣ የኩባንያው የአውሮፓ ኃላፊ በጥር 2024 ፓርላማ ቀርበው ለካሣው የበኩላቸውን መክፈል የሞራል ግዴታቸው መሆኑን ማመናቸውን ጻፈ። ኩባንያው አጣሪው እስኪጨርስ አዲስ የመንግሥት ጨረታ እንደማይገባ ቢናገርም፣ ነባሮቹ ውሎች ግን እንደቀጠሉ ጨመረ።

ቁጥር 6 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሸዋ ሮቢት ነኝ ያለ ሰው ነው። እንግሊዝ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው አለ። እኛ ገና ከመዝገብና ከካርቦን ወረቀት እየወጣን ባለንበት ሰዓት፣ ውል እንይ፣ ኮንትራት ይገለጥ ማለት ሥራን ማደናቀፍ መሆኑን በቁጣ ጻፈ። ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት አንድ ፋይል ለማግኘት እጅ መንሻ ይጠየቅ እንደነበርም አስታወሰን። እኔንም ከቅንጦት የመጣ ጥያቄ የጠየቅሁ አድርጎ ሳለኝ። ስለ ድሮው መዝገብ ያለው እውነት ነው። የጠፋ ፋይል ፍለጋ ስንት ሰው ወዲያ ወዲህ ሲል እንደኖረ እኔም አይቻለሁ። ሴትየዋ ሦስት ቀን ብርድ ላይ መቀመጣቸው ቅንጦት መባሉ ግን አንገበገበኝ።

ቁጥር 7 ለእሱ መልስ ነው። ሳይረጋጋ የተጻፈ ስለሆነ አልደግመውም። አወያዩ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

ቁጥር 8 የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነች። ክሩን ወደ አሜሪካ ወሰደችው። ጉግል ከፔንታጎን፣ ከአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ጋር ሜቨን በሚባል ፕሮጀክት ላይ ይሠራ ነበር። ድሮን የቀረጸውን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚለይ ሥራ ነው። በ2018 ወደ 4,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ተቃውሞ ፈረሙ፣ የተወሰኑት ሥራቸውን ለቀቁ። ጉግል ውሉን እንደማያድስ አስታወቀ። ተማሪዋ ከዚህ ያወጣችው ነገር፣ ሠራተኛ ሲያብር ኩባንያውን ማስቆም እንደሚችል ነው። ቁጥር 2 ላይ ያለው ልጅም ሠሪ እንደመሆኑ ከታዘዘው በላይ ኃላፊነት እንዳለበት በጨዋነት ወጋ አደረገችው።

ቁጥር 9 እዚያው ዘርፍ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፣ የት እንዳለ አልተናገረም። ተማሪዋን አረማት። የሜቨን ሥራ አልቆመም፣ ባለቤት ነው የቀየረው። ፓላንቲር የሚባል የአሜሪካ የመረጃ ትንተና ኩባንያ ተረከበው፣ በ2024ም በዚሁ ስም የ480 ሚሊዮን ዶላር ውል አገኘ። ይኸው ፓላንቲር ከአሜሪካ የስደተኞች ጉዳይ አስፈጻሚ ጋር ባለው ሥራ ሰልፍ ሲወጣበት ኖሯል። በኅዳር 2023 ደግሞ የእንግሊዝን የሕክምና መረጃ የሚያገናኝ የ330 ሚሊዮን ፓውንድ ውል ሲያሸንፍ ሐኪሞችና የመብት ተሟጋቾች ጮኹ። ጉግል ራሱም በየካቲት 2025 ቴክኖሎጂውን ለጦር መሣሪያ አላውልም ያለበትን ቃል ከመመሪያው አወጣ። በሚያዝያ 2024 ከእስራኤል መንግሥት ጋር ያለውን ኒምቡስ የተባለ የ1.2 ቢሊዮን ዶላር ውል የተቃወሙ 50 ያህል ሠራተኞቹን አባርሯል። ውሉን የያዘው ከአማዞን ጋር በጋራ ነው።

ይኸው ሰው ስለ ጄዳይ ውልም ጨመረ። ፔንታጎን ለ10 ዓመት እስከ 10 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ የክላውድ፣ ማለትም መረጃን በኢንተርኔት የማከማቸት ሥራ በ2019 ለማይክሮሶፍት ሰጠ። አማዞን ፕሬዚዳንት ትራምፕ እጃቸውን አስገብተዋል ብሎ ከሰሰ። በሐምሌ 2021 ውሉ ተሰረዘ። ቀጥሎ የመጣው ውል ለአራት ኩባንያዎች ተከፋፈለ። ሰውየው እዚህ ላይ የጻፈው ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። እነዚያ አገሮች ውስጥ ጭቅጭቁ ሊነሳ የቻለው የውሉ ዋጋ፣ የአሸናፊው ስም፣ የተሸናፊው አቤቱታ ስለሚታወቅ ነው። ያልታየ ውል ላይ አይጨቀጨቁም። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ ልለው ፈልጌ ያቃተኝ ይህን ነበር።

ቁጥር 10 የአንኮበር ታሪክ መምህር ናቸው። ይህ ሁሉ ለሸዋ አዲስ እንዳልሆነ ነገሩን። አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዛዊ መሐንዲስ በ1879 አንኮበር ምኒልክ ዘንድ መጣ። ድልድይ ሠራ፣ የውኃ ቧንቧ ዘረጋ፣ አማካሪ ሆነ። በ1894 የባቡር ሐዲድ ለመሥራት ለ99 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ተሰጠው። መምህሩ ፈቃዱ አንኮበር ላይ እንደተሰጠ ጽፈዋል። ኢልግና ፈረንሳዊው ሸፍኖ ኩባንያ አቋቋሙ። ገንዘብ አጠረ። በ1902 ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይማከሩ። ምኒልክ በጣም ተቆጡ። የፈቀዱት ለነጋዴ ነበር፣ ማዶው ጫፍ ላይ ግን ሌላ መንግሥት ቆሞ አገኙት። በ1906 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ኢትዮጵያ ለንደን ላይ ሲፈራረሙ ሐዲዱም ከጉዳዩ አንዱ ነበር። ኩባንያው ከሠረ። በ1908 ሌላ ፈቃድ ተሰጠ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

መምህሩ የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነው። ያኔ ብረት ነበር፣ ዛሬ መረጃ ነው። የፈረምክለት ሰው ነገ ለማን እንደሚሸጥህ ውሉ ላይ ተጽፏል ወይ? ይህን መልስ ከሁሉ በላይ ወደድኩት። አንኮበር ተወልዶ ይህን ሳያውቅ ያደገ ሰው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ከስሩ ካሉት ምስጋናዎች ተረዳሁ።

ቁጥር 11 መምህሩን አረማቸው። በ1894 ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው መቀመጫቸውን አዲስ አበባ አድርገው ስለነበር፣ ፈቃዱ የተሰጠው አንኮበር አይደለም። መምህሩ ወዲያው አመስግነው ተቀበሉ። የክሩ ምርጥ ጠባይ የታየው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥር 12 ወደ ራሳችን ቤት መለሰን፣ በሹል ብዕር። በ2006 የያኔው ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ከቻይናው ዜድ ቲ ኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ጨረታ አልነበረም። ገንዘቡን ያመጣው ሻጩ ነው። ያበደረህ ሰው ዕቃውን ራሱ ሲሸጥልህ ዋጋ ለማወዳደር ምን አቅም ይኖርሃል ብሎ ጠየቀ። በ2013 ሁዋዌና ዜድ ቲ ኢ እያንዳንዳቸው 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚያወጣ የቴሌኮም ማስፋፊያ ሥራ ተካፈሉ። በሐምሌ 2015 ደግሞ ሃኪንግ ቲም ከሚባለው የጣሊያን የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ የወጡት ኢሜይሎች የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋም ደንበኛው እንደነበር አሳዩ። ይህን ያወቅነው በሰነድ ሥርቆት እንጂ በግልጽ መረጃ አለመሆኑ ለጸሐፊው ትልቁ ቁስል ነው። ለእኔም ነው።

ቁጥር 13 ተቃወመችው፣ ግን በደንብ አስባበት ነው። የሞላሌ ልጅ ነች። አባቷ ውጭ አገር ካለ ወንድማቸው ጋር ለማውራት ከሌሊት ተነስተው ከተማ ይወጡ፣ ስልክ ቤት ተሰልፈው ይውሉ እንደነበር ተረከች። መስመሩ ሳይገናኝ መሽቶባቸው የተመለሱበት ቀን ብዙ ነው። የቻይናው ብድር ባይመጣ እስከ ዛሬ ስንጠብቅ እንኖር ነበር የሚል እምነት አላት። ውል ይታይ በሚለው ትስማማለች። ቁጥር 12 ሁሉንም በአንድ ቀለም መቀባቱን ግን አልወደደችም። ልክ ነች።

ቁጥር 14 እና 15 ከመንገድ ወጡ። አንዱ ሲስተም ከማለት ሥርዓት ለምን አንልም አለ። ሌላው ሥርዓት የቅዳሴም የመንግሥትም ስም ስለሆነ ለማሽን አይስማማም ብሎ መለሰ። ከዚያ የሥርዓት ሠ ንጉሡ ሠ ነው፣ አይደለም ተባባሉ። አንዱ ፊደላችን ይቀነስ፣ ሞክሼዎቹ ይውጡ የሚል ሐሳብ አመጣ። ሌላው አባቶቻችን ያቆዩልንን ለማሽን ብለን አንጥልም አለው። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ማሽኑ ይማር እንጂ አክስቴ በእርጅናቸው ስም አይቀይሩም።

ቁጥር 16 የጤና ጣቢያ ነርስ ነች። ብዙ ሰው ዝም ያለበትን ጉዳይ አነሳች። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ሪፖርት መላክ አልቻሉም። ሪፈር የጻፉላቸው እናት ሆስፒታል መድረሳቸውን የሚያውቁት ሹፌሩ ሲመለስ ነበር። አንድ ሌሊት ሹፌሩ አልተመለሰም፣ እስኪነጋ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ኋላ ሁለቱም ደኅና መሆናቸው ታወቀ። ጥያቄዋ፣ አገልግሎት ሰጪው ከመንግሥት ጋር ባለው ፈቃድ ላይ ስለ መዝጋት ምን ተጽፏል የሚል ነው። ማን ያዝዛል? በጽሑፍ ነው በቃል? ለስንት ጊዜ? ከፋዩ ደንበኛ ምን መብት አለው? ማንም አልመለሰላትም። ከስሩ የልብ ምልክት ብቻ ተደረደረ።

ቁጥር 17 ጠበቃ ናቸው። መጀመሪያ ሁላችንንም ገሰጹን፣ ጩኸት እንጂ ሕግ አላነበባችሁም ብለው። ከዚያ ጠቃሚ ነገር ሰጡን። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የሦስተኛ ወገን የንግድ ምሥጢር ሊከለከል ይችላል፣ ሲከለከል ግን ምክንያቱ ይገለጻል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ራስህ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረም የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የአክስቴ ፀ የልመና ጉዳይ እንዳልሆነ አስረዱኝ። መብታቸው ነው። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ጠበቃው ሁሉም ሲስተም የተዘጋ እንዳልሆነም አከሉ። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የሚባለው ሶፍትዌር መነሻው ሕንድ ቤንጋሉሩ ሲሆን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። ቁጥር 2 ላይ ያለው ልጅ እዚህ ገብቶ፣ ኮድ ክፍት መሆኑ ጥሩ ሆኖ ሳለ ከዚያ በኋላ ያለው የጥገናና የዕቃ አቅርቦት ውል ግን ሌላ ነገር መሆኑን አስገነዘበ።

ቁጥር 18 የሸዋ ሮቢቱ ሰው ተመልሶ መጣ። አቋሙን አልለወጠም። አሁንም ነገሩን የሚያጓትቱ ሰዎች እንዳሉ ያምናል። ቁጥር 3ን ግን ሌሊት አንብቦት እንቅልፍ እንዳጣ ጻፈ። እሱም ለካ ሱቅ አለው። ለአንድ ድርጅት ወኪል ሆኖ ገንዘብ ያስገባል፣ ያወጣል። ማታ ማታ ሒሳቡ ሲጎድል ከኪሱ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ስህተቱ የራሱ እየመሰለው ለሚስቱ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። የለንደኑ ልጅ በግል እንዲጽፍለት አድራሻውን ሰጠው።

ቁጥር 19 ቅዳሜ ደብረ ሲና የፋይዳ ምዝገባ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። ቁጥር 1 ያሉት አባት አጣርተው እንደሚነግሩት ቃል ገቡለት።

እኔ ደግሞ ያለሁበትን ልንገራችሁ። በቁጥር 1 ምክር የቀበሌ ደብዳቤ አወጣን። ሦስት ምስክር ቆመ፣ አንዱ የአክስቴ የክርስትና ልጅ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ድረስ መጣ። ያቺው የመስኮቱ ልጅ ደብዳቤውን አይታ አለቃዋ ጋ ገባች። ወረቀቱን በእጅ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ሰጡን። ሲስተሙ ውስጥ ግን አልገባም። የሚቀጥለው ዓመት እድሳት ላይ ያው ቀይ ጽሑፍ ይጠብቀናል።

ስለዚህ ሁለት ማመልከቻ ጻፍኩ። ጠበቃው አስተካከሉልኝ። አንዱ በ1321/2016 የአክስቴ ስም እንዲታረም የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው በ590/2000፣ ሲስተሙን የሠራው ድርጅት ስም፣ የውሉ ዋጋ፣ የጥገናው ጊዜና ስህተት ሲገኝ የሚስተካከልበት አንቀጽ እንዲሰጠኝ። መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶላቸው አያውቅም። ተቀብለው ቁጥር ሰጡኝ፣ ቀኑንም በማኅተም መቱልኝ። ማክሰኞ ነበር። አክስቴ ግልባጩን በዚያችው ፌስታል ከመታወቂያቸው ጋር ጠቅልለው በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ መሐል ሜዳ ሄደዋል። ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው።